ሶስት ደራሲ ያለው ባንድ የግድ ይፈርሳል?

ጤና ይስጥልኝ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣

ባለፈው በኪነጥበብ ገፃችሁ ላይ ባንዶቻችን ለምን እንደሚበተኑ የወጣውን ፅሁፍ ከስራ ስመለስ ባስ ውስጥ ስልኬ ላይ አነበብኩት፣ ፀሀፊው ብዙ ጥሩ ነገር ብሏል ግን መጨረሻ ላይ አንድ ባንድ ውስጥ ከአንድ በላይ ዘፈን ደራሲ ካለ ማብቂያው ጠብ ነው ብሎ ዘጋው፣ እሱ ነገር አልዋጥ ስላለኝ ነው የምፅፍላችሁ። እኔ የምኖረው ስኮትላንድ ግላስጎው ነው። እዚህ ሶስት ደራሲ ይዞ ሰላሳ አመት ሊሞላው ትንሽ እስኪቀረው ድረስ አብሮ የዘለቀ ባንድ አለ፣ ቲንኤጅ ፋንክለብ ይባላል፣ ብዙ አንባቢ ላያውቃቸው ስለሚችል ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ (አመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)።

እኔ የማታ ፈረቃ ነው የምሰራው፣ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት። አብራኝ የምትሰራ አንዲት ትልቅ ሴትዮ የቤልስሂል ልጅ ናት፣ ከግላስጎው ትንሽ ወጣ ብሎ ያለ ከተማ ነው፣ ድሮ የከሰልና የብረት ሰራተኛ ሰፈር የነበረ፣ የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊዎች የምታውቁት የድሮው አሰልጣኝ ሰር ማት በዝቢም የተወለደው እዛው ነው። አንድ ሌሊት ሻይ እየጠጣን የሰፈሬን ልጆች ላሰማህ ብላ ከፈተችልኝ። መጀመሪያ ጊታሩ እንደ ወፍጮ ቤት ሲጮህ ይሄማ የኔ ሙዚቃ አይደለም ብዬ ነበር፣ ከዛ ድምፃቸው ገባ፣ ሶስት ወንዶች አንድ ላይ፣ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ብሎ፣ በጣም ለስለስ ያለ፣ ከስር ያ ሁሉ ጫጫታ እያለ ከላይ እንጉርጉሮ የሚመስል ዜማ። ያን ቀን ጠዋት ቤቴ ገብቼ ሳልተኛ ስሰማ ነው ያረፈድኩት።

አመሰራረታቸው እንዲህ ነው። ኖርማን ብሌክና ሬይመንድ መክጊንሊ ቀድሞ ቦይ ሄርድሬሰርስ የሚባል ባንድ ውስጥ አብረው ነበሩ፣ ከበሮ መቺው ፍራንሲስ ማክዶናልድ ነበር። ያ ባንድ ብዙም አልሄደም። በ1989 ጄራርድ ላቭ ቤዝ ጊታር ይዞ መጣና ቲንኤጅ ፋንክለብ ተባሉ፣ የስቱዲዮውን ከኪሳቸው ከፍለው የመጀመሪያ አልበማቸውን ቀረፁ፣ በ1990 ወጣ። ማክዶናልድ በዛው ሰሞን ለቀቀና በሱ ቦታ ብሬንዳን ኦሄር ገባ። ኢንዲ የሚባለው ሙዚቃ ሀሳቡ ይሄ ነው እንግዲህ፣ ትልቅ ካምፓኒ መጥቶ እስኪያነሳህ አትጠብቅም፣ ራስህ ቀርፀህ ትንሽ ሌብል (ሙዚቃ አሳታሚ ማለት ነው) ፈልገህ ታወጣለህ።

እዚህ ጋ ስለኛም አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ይሄ ለኛ አዲስ አይደለም። ዋልያስ ባንድ የራሳቸውን መሳሪያ ገዝተው፣ የማንም ሆቴል ንብረት ሳይሆኑ፣ በራሳቸው ተዋውለው ይሰሩ ነበር እኮ፣ በ1977 ዘፋኝ የሌለው ሙሉ አልበም አውጥተዋል። በ1981 ወደ አሜሪካ ሄደው ገሚሶቹ እዛው ቀሩ፣ ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያም ከቀሩት አንዱ ነው። እነሱን የበተናቸው የደራሲ ብዛት አይደለም፣ በዛን ጊዜ አገር ቤት የነበረው ሁኔታ ነው። ፅሁፉ ላይ ይሄ ቢጠቀስ ጥሩ ነበር።

ወደ ግላስጎው ልመለስ። በ1991 መጨረሻ ባንድዋጎንኤስክ የሚለውን አልበም ክሪኤሽን በሚባለው ሌብል አወጡ፣ ሌብሉን ካቋቋሙት አንዱ አለን መጊም የግላስጎው ልጅ ነው። በዛው አመት ኒርቫና የሚባለው የአሜሪካ ሮክ ባንድ ኔቨርማይንድ የሚለውን አልበም አውጥቶ አለምን አናውጧል፣ ግን ስፒን የሚባለው የአሜሪካ መፅሄት የአመቱ ምርጥ አልበም ብሎ አንደኛ ያደረገው የነዚህን ልጆች ነው። ይሄን ስሰማ አላመንኩም ነበር። በ1992 መጀመሪያ ሳተርደይ ናይት ላይቭ በሚባለው የአሜሪካ ቲቪ ፕሮግራም ላይ ተጫወቱ፣ በዛው አመት በጋ ላይ ከኒርቫና ጋር አውሮፓን ዞሩ። ከዛ በኋላ እንደ ኒርቫና ይተኮሳሉ ብሎ ያልጠበቀ አልነበረም፣ አልሆነም። የ1993ቱ አልበም ተቺዎቹ አልወደዱትም፣ ኦሄር ወጣ፣ ፖል ክዊን ከበሮውን ያዘ። እኔ ግን የምወዳቸው ከዚህ በኋላ ያሉትን ነው፣ የ1995ቱ ግራንድ ፕሪ እንግሊዝ ውስጥ በአልበም ሽያጭ 7ኛ ደረጃ ገባ፣ የ1997ቱ ሶንግስ ፍሮም ኖርዘርን ብሪተን 3ኛ። የአሜሪካው ጫጫታ ካለፈ በኋላ ማለት ነው፣ ተረጋግተው፣ ጊታሩን ትንሽ ዝቅ አድርገው፣ ድምፃቸውን ወደፊት አምጥተው።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገራችሁ። ያ የ1997 አልበም 12 ዘፈን አለው፣ ብሌክ አራት፣ ላቭ አራት፣ መክጊንሊ አራት። በ2005 የራሳቸውን ሌብል ፔማ ብለው ከፍተው ባወጡት አልበምም እንደዛው፣ በ2010ም፣ በ2016ም። የፃፈው ሰው መሪ ድምፅ ይዘፍናል፣ ሌሎቹ ሁለቱ ከኋላ ያጅቡታል፣ ቀጥሎ ተራው ይዞራል። ዝነኛው ሰው ስምንት ይውሰድ፣ አንተ ሁለት ይበቃሃል የለም። እስቲ አስቡት፣ ብሌክ ነው ብዙ ጊዜ መድረክ ላይ የሚያወራው፣ ሰውም ፊቱን የሚያውቀው፣ ግን በነዚህ አልበሞች ላይ ከጓደኞቹ አንድ ዘፈን እንኳን አብልጦ አልወሰደም። ብሌክ ካናዳ ሄዶ በሚኖርበት ጊዜ እንኳን ይሄ አልተቀየረም። ማክዶናልድ ደግሞ በመጀመሪያው አልበም ጊዜ የወጣው ልጅ ከአስር አመት በኋላ ተመልሶ ከበሮው ላይ ቁጭ ብሎ እስካሁን አለ። በኛ አገር ከባንድ የወጣ ሰው ተመልሶ ሲገባ ስንት ጊዜ አይታችኋል?

ፀሀፊው ላይ እንዳልፈርድ እውነቱን ሙሉ መናገር አለብኝ፣ በ2018 ጄራርድ ላቭ ወጥቷል። ያን አመት መገባደጃ ላይ ከ1991 እስከ 2000 ያወጧቸውን አምስት አልበሞች ባሮውላንድ በሚባለው የግላስጎው አዳራሽ ሶስት ሌሊት ከፋፍለው ተጫወቱ፣ የድሮዎቹ ከበሮ መቺዎች ኦሄርና ክዊንም መጥተው በየዘመናቸው አልበም መቱ። ያቺ የስራ ባልደረባዬ ትኬት ገዝታልኝ አንዱን ሌሊት አብረን ነበርን፣ ከጎናችን የቆሙት ሰዎች ሁሉ በሃምሳዎቹ ያሉ ናቸው፣ እያንዳንዱን ቃል ከነሱ ጋር ይዘፍናሉ፣ እሷም ታለቅሳለች። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ለንደን ላይ የላቭ የመጨረሻ ኮንሰርት ሆነ። ባንዱ ለሚቀጥለው አመት ሩቅ አገር ድረስ ኮንሰርት ይዞ ነበር፣ እሱ በፕሮግራሙ አልተስማማም፣ በቃ ይሄው ነው። የዘፈን ድርሻ ፀብ አልነበረም፣ ጋዜጣ ላይ መሰዳደብም አልነበረም።

ከዛ በኋላ ያደረጉት ነገር ነው በጣም የነካኝ። የላቭን ዘፈኖች መድረክ ላይ መጫወት አቆሙ። ህዝቡ በጣም ከሚወዳቸው ውስጥ ብዙዎቹ የሱ ናቸው እኮ፣ ቢጫወቷቸው ማንም አይከለክላቸውም፣ አዳራሹም ይደሰት ነበር። ግን ዘፈኑ የሱ ነው፣ እሱ ከሌለ አይዘፈንም። ዩሮስ ቻይልድስ የሚባል ኪቦርድ ተጫዋች ከዌልስ አመጡ፣ ከነሱ ጋር ይጫወት የነበረው ዴቭ መክጋዋን ወደ ቤዙ ተዛወረ፣ በ2021 ሌላ አልበም አወጡ፣ 12 ዘፈን፣ ብሌክ ስድስት መክጊንሊ ስድስት። በ2023ም አንድ ጨመሩ። እኔ የላቭ ድምፅ ሲጎድል ይሰማኛል፣ አልዋሽም፣ አንድ ጥርሱ የወለቀ ሰው ሲስቅ እንደማየት ነው፣ ግን እየሰማኋቸው ነው።

ስለዚህ አዘጋጆች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። እኛ ጋ ካሴቱም ሲዲውም ላይ የዘፋኙ ፎቶ ነበር ትልቁ፣ ባንዱ በትንሽ ፅሁፍ ከኋላ፣ አሁን ዩትዩብ ላይ እሱም ጠፍቷል። ባንድ የሚበተነው ደራሲ ስለበዛ ሳይሆን ስማቸውን የሚጠራ፣ ድርሻቸውን በእኩል የሚያካፍል ስለሌለም ሊሆን ይችላል፣ ይሄንን ፀሀፊያችሁ ተጫዋቾቹን ራሳቸውን ሄዶ ይጠይቃቸው፣ ብዙዎቹ አሁንም አዲስ አበባ ውስጥ ምሽት ምሽት እየሰሩ ነው። ከዛ ደግሞ ስለ አዲስ አልበም ስትፅፉ ቤዙን ማን እንደተጫወተ፣ ከበሮውን ማን እንደመታ፣ ዜማውን ማን እንደሰራ ስማቸውን ፃፉልን። እኔ ከሩቅ ሆኜ ስሙን ካወቅኩ ሌላ ስራውን ፈልጌ እሰማለሁ፣ ገዝቼም አዳምጣለሁ።

አክባሪያችሁ፣ ከግላስጎው አንድ አንባቢ