ፎቶው የሌላ ሕንፃ ነው

ውድ አዘጋጅ፣

ስለ ኢራቋ ሳማራ ከተማ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ስለ ሺዓ ሙስሊሞች ቅዱስ ስፍራ በአማርኛ የሚጻፍ ነገር እንደ ልብ አይገኝም። ፎቶው ግን አሳዘነኝ። ከሥሩ «የአል-አስከሪ መቃብርና መስጊድ» ይላል። የሚታየው ግን እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠማዘዘው የማልዊያ ሚናራ ነው።

«ያው አንድ ከተማ አይደል?» የሚል አይጠፋም። ማልዊያን በ850 አካባቢ ያሠራው የአባሲድ ሥርወ መንግሥት ኸሊፋ (የሙስሊሙ ግዛት ገዢ) አል-ሙተወኪል ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። 52 ሜትር የሚረዝም የጡብ ግንብ ነው፤ መወጣጫው በውጭ በኩል እየዞረ ጫፍ ያደርሳል። ሺዓዎች አሥረኛው ኢማም (የሃይማኖት መሪ) የሚሏቸውን ዓሊ አል-ሃዲን ከመዲና አስመጥቶ በዓይነ ቁራኛ ያስጠበቃቸው ይኸው ኸሊፋ ነው። ከርበላ ከተማ የሚገኘውን የነቢዩ መሐመድ የልጅ ልጅ የኢማም ሁሴንን መቃብርም አስፈርሷል። እንግዲህ የእሱን ግንብ በኢማሙ መቃብር ስም ማተም አማኙን ምን ያህል እንደሚከነክነው አስቡት።

ኢማሙ በ868 ሲሞቱ የተቀበሩት እዚያው ቤታቸው ውስጥ ነው። ልጃቸው ሐሰንም በ874 አጠገባቸው ዐረፉ። አባትና ልጅ «አስከሪ» የተባሉት ሳማራ የጦር ሰፈር ስለነበረች ነው። በጣሊያን ጊዜ «አስካሪ» ይባል የነበረው ቃልም ሥሩ ይኸው ነው።

እኔን የሚገርመኝ፣ ያ ሁሉ ግንባታ የተነሣው ከአንድ መኖሪያ ቤት መሆኑ ነው። ትውልድ በትውልድ ላይ ሲጨምር ቆይቶ የወርቁ ጉልላት በ1905 ተጠናቀቀ። 72,000 የወርቅ ቅብ ንጣፍ እንደለበሰ ይነገርለታል። ጉልላቱ ረጅም አንገት አለው፤ ከአንገቱ በላይ ትንሽ ሆዱን ነፋ ያደርግና ወደ ጫፉ ይሾላል። አገሩ ሜዳ ስለሆነ ከሩቅ ያበራል። ከሥሩ መቃብሮቹን የከበበ ፍርግርግ አለ። ተሳላሚዎች ጣታቸውን በቀዳዳው አስገብተው፣ ግንባራቸውን አስደግፈው ያለቅሳሉ።

በፌብሩዋሪ 2006 ጉልላቱ በፈንጂ ፈረሰ። በጁን 2007 ደግሞ ሁለቱ ሚናራዎች ተከተሉት። ከመጀመሪያው ፍንዳታ በኋላ ኢራቅ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር ሰው እርስ በርስ በተነሣ ግጭት አለቀ። ዛሬ የሚታየው ወርቅ ከዚያ ወዲህ እንደገና የተሠራ ነው።

ስለዚህ እባካችሁ ፎቶውን ቀይሩልን። የወርቅ ጉልላትና በግራና በቀኝ ሁለት ሚናራ ያለበትን ፈልጉ። ከ2006 በፊት የተነሣ ከሆነም ዓመቱን ከሥሩ ጻፉበት፤ ያኛው ጉልላት ዛሬ የለም።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ