ግንዱ ከመጎመዱ በፊት፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባላል። እኛ ዘንድ ግን የወደቀ ዛፍ ላይ ቀድመው የሚያርፉት ሜትርና ጠመኔ ናቸው። ዛፋችሁን ስንቆርጥ አጠገባችን የቆማችሁ አንዳንዶቻችሁ፣ ሠራተኞቻችን ሞተር መጋዛቸውን አጥፍተው በግንዱ ዙሪያ ሲመላለሱ አይታችሁ ሥራው የተጓተተ መስሏችኋል። ሌሎቻችሁ ደግሞ ከአንድ ግንድ አንዱ ጉማጅ አምስት ሜትር፣ ሌላው ሦስት ሜትር የሆነበትን ምክንያት ጠይቃችሁናል። መልሱን በጽሑፍ መስጠት አለብን ብለን ስላመንን ይህን ደብዳቤ ልከናል።

ረጅም የሆነን ጉማጅ ነገ ማሳጠር ይቻላል፤ ያጠረውን ግን ማንም አይቀጥለውም። ዛፉ ለማደግ የፈጀበት ዘመን ሁሉ ጣውላ ወይም ማገዶ ሆኖ የሚቀረው በእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ በምናሰምረው የጠመኔ መስመር ነው።

ከሁሉ በፊት የምናስበው ግንድ ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ መሆኑን ነው። ከዳር እስከ ዳር የደረሰ ሙሉ ጣውላ የሚወጣው በቀጭኑ ጫፍ ልክ ከሚታሰበው ቀጥ ያለ ክብ ዓምድ ውስጥ ብቻ ነው፤ ከዚያ ውጭ ያለው ወፍራም ክፍል በአብዛኛው አጭር ቁራጭ ሆኖ ይቀራል። አንድ ምሳሌ እናስላ። ርዝመቱ 12 ሜትር የሆነ ግንድ ሥሩ ላይ 50፣ ጫፉ ላይ 26 ሴንቲ ሜትር ውፍረት (ዲያሜትር) አለው እንበል። ሳይጎመድ እንዳለ ቢሰነጠቅ ያ ቀጥ ያለ ክብ ዓምድ 0.64 ሜትር ኩብ ያህል ይይዛል። ሁለት ባለ 6 ሜትር ጉማጅ ካደረግነው 1 ሜትር ኩብ ገደማ፣ ሦስት ባለ 4 ሜትር ካደረግነው ደግሞ 1.13 ሜትር ኩብ ይደርሳል። እንጨቱ ያው ነው፤ የተለወጠው የተጎመደበት ቦታ ብቻ ነው።

እንዲህ ከሆነ ሁሉንም ለምን አናሳጥርም? ለጣሪያ ተሸካሚ 6 ሜትር የሚፈልግ ሰው ሁለት ባለ 3 ሜትር ቢሰጡት ምንም አይጠቅመውም። ስለዚህ ስሌቱ ብቻውን አይወስንም፤ ከስሌቱ እኩል የእናንተ ፍላጎት ይታያል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጉብጠት ነው፤ የሥራችን ጥበብ ከሁሉ በላይ የሚታየውም እዚህ ላይ ይመስለናል። እንደ ቀስት ተስተካክሎ የጎበጠ ግንድ መሃሉ ላይ ሲቆረጥ የእያንዳንዱ ግማሽ ጉብጠት ወደ ሩብ ይወርዳል። በ8 ሜትር ርዝመት መሃሉ በ16 ሴንቲ ሜትር የጎበጠ ግንድ ለሁለት ሲከፈል በእያንዳንዱ ባለ 4 ሜትር ጉማጅ ላይ የሚቀረው 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ለማገዶ የተተወ የሚመስል ግንድ በአንድ መስመር ለጣውላ ይበቃል። ጉብጠቱ በአንድ ቦታ ላይ እንደ ክርን ድንገት የታጠፈ ከሆነ ግን መቁረጫው እጥፋቱ ላይ ማረፍ አለበት፤ ከእጥፋቱ አንድ ሜትር ወዲያ ወይም ወዲህ ከሆነ አንዱ ጉማጅ ጠማማነቱን ተሸክሞ ይሄዳል።

ይህን የምንለው በራሳችን ላይ ስለደረሰም ነው። ሥራ በጀመርንበት ጊዜ አንድን ረጅም ግንድ ሽቅብ ሳናይ ከሥሩ ጀምረን በእኩል ርዝመት ጎመድነው። ሁለተኛው ጉማጅ ላይ ስንደርስ ባላው ልክ መሃሉ ላይ አረፈ። መጀመሪያ የተቆረጠውን በልኩ ብናሳጥረው ባላው በጉማጁ ጫፍ ላይ ይውልና ተቆርጦ ይጣል ነበር። የዛፉ ባለቤት ምንም አላሉንም፤ እኛ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ግንዱን ከሥር እስከ ጫፍ ሳንመለከት መጋዝ አናስነሣም።

ቅርንጫፍ ያልበዛበት የታችኛው ክፍል ከሁሉ የላቀ ጣውላ ስለሚሰጥ በተቻለ መጠን ከአንጓ ነጻ አድርገን እንለየዋለን፤ አንጓ የበዛበትን የላይኛውን ክፍል ለብቻው እናደርገዋለን። ቅርፊት ላይ የበቀለ እንጉዳይ ወይም ያረጀ ቁስል ስናይ ውስጡ መበስበሱን እንጠረጥራለን። ያኔ ጤናማው እንጨት እስኪገኝ ድረስ ከጫፉ ስስ ስስ አድርገን እንቆርጣለን እንጂ በግምት አንድ ሜትር ቆርጠን አንጥልም። ያዘነበለ ዛፍ እምብርቱ ከመሃል ይሸሻል፤ ጣውላው ሲደርቅ ስለሚጣመም ወፍራም ቢሆንም ለበርና ለመስኮት አንመድበውም።

በትልልቅ ደኖች የሚሠሩ ማሽኖች ርዝመቱንና ውፍረቱን እየለኩ መቁረጫውን በኮምፒውተር ይመርጣሉ። በፍጥነት አንወዳደራቸውም። በውስጥ የተደበቀን ብስባሽ የሚጠረጥር ዐይን ግን አሁንም የሰው ነው።

ስለ ርዝመት አንድ ነገር እናክል። አራት ሜትር ያላችሁን ጉማጅ 4.10 ሜትር አድርገን ስናስረክብ ስሕተት አይደለም። እንጨት ከሁሉ ፈጥኖ የሚደርቀው በሁለቱ ጫፎቹ በኩል ስለሆነ እዚያ ይሰነጠቃል፤ ትርፏ ዐሥር ሴንቲ ሜትር ተቆርጣ የምትጣለው ያንን ስንጥቅ ይዛ ነው። በግማሽ ሜትር እየከፋፈለ በሚሠራ መሰንጠቂያ 3.95 ሜትር የሆነ ጉማጅ እንደ 3.50 ስለሚቆጠር፣ አምስት ሴንቲ ሜትር የቆጠበ ሰው ግማሽ ሜትር ሊያጣ ይችላል።

ከእናንተ የምንጠይቀው ዛፉ ከመውደቁ በፊት እንጨቱ ለምን እንደሚውል እንድትነግሩን ነው። ተሸካሚ፣ ጣውላ፣ የአጥር ቋሚ ወይስ ማገዶ? ረጅሙና የግድ የሚያስፈልጋችሁ ልክ ስንት ነው? አጭርም ቢሆን የሚጠቅማችሁ የትኛው ነው? እናንተ ሳትወስኑ ዛፉ ከወደቀ ግንዱን ሳንጎምድ እናቆየዋለን። ለረጅም ጊዜ ግን አይሆንም፤ በሞቃትና እርጥብ አየር ያልተሰነጠቀ ግንድ ቶሎ በሻጋታና በነፍሳት ይጠቃልና መልሳችሁን በጊዜ ላኩልን። ብትችሉ በዕለቱ አብራችሁን ቁሙ፤ ጠመኔው ከተሰመረ በኋላ መጋዙ ከመነሣቱ በፊት መስመሩን አብረን እናያለን፤ ካልተስማማችሁበት ደምስሰን እንደገና እናሰምራለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ሠራተኞች