የአዳማ ልጆች ሙዚየም የሚደርሱት በአንድ ሰዓት አይደለም

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ተማሪዎች የሙዚየም ጉብኝት ያወጣችሁትን ዘገባ እንደ ብዙው አንባቢ እኔም አንብቤዋለሁ። መጀመሪያው ጥሩ ነበር። የአዲስ አበባ ልጆች ፎቶው ላይ ተደስተው ሳይ እኔም ደስ አለኝ። ወደ መጨረሻው ስደርስ ግን ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። አዳማ ከአዲስ አበባ የአንድ ሰዓት መንገድ ናት፣ ስለዚህ ተማሪዎቿ ሙዚየም የማያዩት መምህራኖቻቸው ስለማይተጉ ነው ብላችኋል። ይህን ለመጻፍ ከአዳማ አንድ መምህር አልጠየቃችሁም። አንድ ወላጅም፣ አንድ ተማሪም አልጠየቃችሁም።

እኔ አዳማ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት 7ኛ ክፍል ኅብረተሰብ አስተምራለሁ። የታሪክና ቅርስ ክበቡም ተጠሪ ነኝ። ተማሪ ይዤ አዲስ አበባ ሙዚየም ስሄድ ያለፈው አምስተኛዬ ነው። ሌላውን ልተወውና ስለዚያች አንድ ሰዓት ላውራ። ጥፋቱን ሁሉ እኛ ላይ የጣላችሁት በእሷ ነውና።

አንድ ሰዓት ከየት እስከ የት ነው? የፍጥነት መንገዱ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አዲስ አበባ በኩል ቱሉ ዲምቱ ላይ ያልቃል። ብሔራዊ ሙዚየም ያለው ደግሞ አምስት ኪሎ ነው። በቤት መኪና፣ ከክፍያ ጣቢያ እስከ ክፍያ ጣቢያ ከተቆጠረ አንድ ሰዓት ልክ ሊሆን ይችላል። ልጆች ግን የሚነሱት ከየቤታቸው ነው። የሚሄዱትም በኪራይ አውቶቡስ ነው።

ያለፈውን ጉዟችንን በሰዓቱ ልንገራችሁ። ማስታወሻዬ ላይ ስለጻፍኩት ከጭንቅላቴ አይደለም።

ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተሰበሰብን። ጨለማ ነው። ወላጆች ልጆቻቸውን በባጃጅ፣ በእግር፣ አንዳንዶቹ በሞተር አደረሱ። ስም ጠራን። ሁለት ልጆች አልመጡም። ፈቃድ ፈርመው፣ ገንዘብ ከፍለው፣ ሌሊቱን ሳይተኙ ያደሩ ልጆች ናቸው። ጥሎ መሄድ ይቻላል? ጠበቅናቸው። 12 ሰዓት ከ10 ላይ ተነሳን። ክፍያ ጣቢያው ስንደርስ 12 ሰዓት ተኩል ሆኗል። ከዚያ ወዲያ አንዲት ልጅ ማስመለስ ጀመራት። ፍጥነት መንገድ ላይ እንደ ልብ አይቆምም፣ ስለዚህ ፌስታል ይዤላት አጠገቧ ተቀመጥኩ። ቱሉ ዲምቱ 1 ሰዓት ከ45። ከዚያ ቃሊቲ፣ ሳሪስ፣ መስቀል አደባባይ፣ አራት ኪሎ። አርብ ጠዋት ያንን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። አምስት ኪሎ የወረድነው 3 ሰዓት ከ10 ላይ ነው።

ሦስት ሰዓት ከ40 ደቂቃ። መመለሻው ገና አልተነሳም።

ደግሞ ከወረዱ በኋላ በቀጥታ ወደ አዳራሹ አይገባም። 52 ልጅ ከንጋት ጀምሮ ታፍኖ ነው የመጣው። ሁለት መጸዳጃ አለ እንበል። ለአንድ ልጅ ሁለት ደቂቃ ብትሰጡት 52 ደቂቃ ይሄዳል። ይህን ስጽፍ ትንሽ ነገር እያነሳሁ እንደሚመስል አውቃለሁ። ግን ጉብኝት የሚበላሸው በዚህ ነው። ሽንቱ የያዘው ልጅ ስለ ምንም ነገር አይሰማም። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ደግሞ የግድ መነሳት አለብን፣ ሳይመሽ ልጆቹን ለወላጅ ማስረከብ አለብኝ። ምሳ የበላነው አውቶቡሱ ውስጥ ነው። 52 ልጅ ምሳ ዕቃውን ከፍቶ የሚቀመጥበት ጥላ ስላላገኘን ነው።

ከጉዞው በፊት ያለውን ሥራ ዘገባችሁ ጭራሽ አላነሳውም። ዝግጅቱን ጥር ላይ እጀምራለሁ። ከርዕሰ መምህሩ ጋር እነጋገራለሁ፣ ወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) ይሰበሰባል፣ የትብብር ደብዳቤ በማህተም ይወጣል። አውቶቡስ ይፈለጋል፣ ዋጋ ይጠየቃል፣ ሌላ ይፈለጋል። ለወላጅ የፈቃድ ቅጽ ይላካል። ቅጹን የወሰዱት 61 ልጆች ነበሩ። የሄድነው 52 ነን። ዘጠኙ የቀሩት መዋጮው ስለከበዳቸው ነው። ከእኛ ከመምህራን ኪስ ለአራት ልጆች ሸፈንን፣ ከዚያ በላይ አልቻልንም። ስማቸውን ከዝርዝሩ ስሰርዝ እጄ ከብዶኝ ነበር። ሰኞ ክፍል ስገባ ዘጠኙም ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። እናንተ ግን መምህር አይተጋም ብላችሁ ጻፋችሁ።

አንድ የቆየ ቂምም አለኝ፣ ልናገረው። ከሦስት ዓመት በፊት ነው፣ የሙዚየሙን ስም አልጠራም። ደብዳቤ ሁለት ሳምንት ቀድሜ ልኬያለሁ። በስልክም ተነጋግረናል። ደርሰን ስንቆም በሩ ላይ ያለው ጥበቃ የሚያውቀው ነገር የለም። ደብዳቤያችንን የተቀበለው ሰው ስብሰባ ላይ ነው። ቅጂውን አሳየሁ፣ ማህተሙን አሳየሁ። አንድ ሰዓት ከ20 ደቂቃ ፀሐይ ላይ ቆምን። በኋላ ስንገባ ሌላ ትምህርት ቤት አዳራሹን ይዞታል። አስጎብኚው ደክሞታል፣ ቶሎ ቶሎ በሉ ይላል። 25 ደቂቃ አገኘን። ማታ አንዲት እናት ልጇን ምን አየህ ብላ ስትጠይቀው «በሩን» አላት። በማግስቱ መጥታ ነገረችኝ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ታዲያ ለምን ትሄዳለሽ ትሉኝ ይሆናል። ልንገራችሁ።

ከጉዞው በፊት ባለው ሳምንት አዋሽን ሰሌዳ ላይ እስላለሁ። ልጆቹ አዋሽን ያውቁታል። የወንጂ ሸንኮራ የሚጠጣው ውኃ ነው። ከተማሪዎቼ መካከል አያቶቻቸው ወንጂ የሠሩ አሉ፣ ፋብሪካው ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ ስኳር ያመረተ ነው። ጣቴን ሰሌዳው ላይ አድርጌ ከጊንጪ አካባቢ እነሳለሁ። መልካ ቁንጥሬ ላይ እቆማለሁ፣ የጥንት ሰው የድንጋይ መሣሪያ የሠራበት፣ በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ቦታ ነው። ከዚያ ቆቃ ግድብ። ከዚያ ወንጂ። «የእኛ!» ብለው ይጮሃሉ። ከዚያ ወደ አፋር ቁልቁል እወርዳለሁ፣ ሐዳር ላይ ክብ እስላለሁ። ኅዳር 1967 ዓ.ም. ድንቅነሽ የተገኘችው እዚያ ነው። ወንዙ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ እንደሚቀር ስነግራቸው ክፍሉ ዝም ይላል። እቤት አጠገባቸው የሚያልፈው ውኃ እስከ ድንቅነሽ አገር እንደሚወርድ ሲያውቁ ጉዞው የራሳቸው ይሆናል።

ሌላም ነገር ቀድሜ እነግራቸዋለሁ። ለዕይታ የሚቀርበው አጽም አብዛኛውን ጊዜ ቅጂ መሆኑን፣ ዋናው በጥንቃቄ እንደሚቀመጥ። ይህን ሳልናገር የወሰድኩበት የመጀመሪያው ዓመት አንድ ልጅ ከአስጎብኚው ሲሰማ ተታለልኩ ብሎ ፊቱን አዞረ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። አሁን ቅጂ ለምን እንደሚሠራ ክፍል ውስጥ ተከራክረን ነው የምንሄደው።

ያለፈው ጉዞ ላይ ከክፍሉ ሁሉ አጭሯ ልጅ የድንቅነሽ አጽም ያለበት መስተዋት አጠገብ ቆመች። ድንቅነሽ ቁመቷ 1 ሜትር ከ10 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ልጅቷ እጇን ከራሷ አናት ወደ መስተዋቱ በቀጥታ ዘረጋችና፣ «ቲቸር፣ ከእኔ ታንሳለች!» አለች። ክፍል ውስጥ በቁመቷ የሚያሾፉባት ልጅ ናት። ከዚያ ጥያቄው ተከታተለ። አዋቂ ናት? በምን ታወቀ? ጥርሷ ነው? ሌላው አጽሟ የት ሄደ? የተገኘው 40 ከመቶ ያህሉ ነው ስላቸው አንዱ ልጅ የጎደለውን በጣቱ መቁጠር ጀመረ። ቤታቸው ኦሮምኛ የሚናገሩት ስላሉ ላፌ፣ አጥንት እያልኩ በሁለቱም እነግራለሁ። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ሲባል ግን በሁለቱም ቋንቋ አይገባም፣ እኔም ራሴ በደንብ አይገባኝም። ስድስት ኪሎ ወጥተን የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ውስጥ የንጉሠ ነገሥቱን የአፄ ኃይለ ሥላሴን መኝታ ቤትና መታጠቢያ ሲያዩም ጥያቄያቸው አላለቀም። ጊዜው ግን አለቀ። 9 ሰዓት ሆነ።

ያ ያጣነው ጊዜ ነው እንድጽፍ ያደረገኝ። ጉዞው አንድ ሰዓት ነው ብላችሁ ስትጽፉ የሚያነቡት የትምህርት ጽሕፈት ቤት ሰዎችም ናቸው። አውቶቡስ ልንጠይቅ ስንሄድ ቅርብ አይደለም እንዴ ይሉናል። ሙዚየሞችም ያነባሉ። ከክልል ለሚመጡ ልጆች የተለየ የመግቢያ ሰዓት ያዙልን ስንል ከአዳማ ናችሁ፣ ጠዋት ተነስታችሁ ድረሱ ይሉናል። የቀጠሯችን ሰዓት ተይዞ፣ አስጎብኚያችን ታውቆ፣ ምሳ የምንበላበት ጥግ ተነግሮን ብንሄድ ከዚያች ልጅ ጋር ሌላ አንድ ሰዓት መስተዋቱ አጠገብ እቆም ነበር። የምንጠይቀው ይህን ነው። ከባድ ነገር አይደለም።

ስለዚህ ዘገባውን እንድታርሙ እጠይቃለሁ። መምህራኑን የምትመለከተው ዓረፍተ ነገር ትውጣ። በእሷ ምትክ ይህ ይግባ፦ አዳማ ከሚገኝ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት በር እስከ አምስት ኪሎ፣ 52 ተማሪ በጫነ የኪራይ አውቶቡስ፣ አርብ ጠዋት፣ 3 ሰዓት ከ40 ደቂቃ።

የኅብረተሰብ ትምህርት መምህርት
አዳማ