እናትየዋን አሳዩን

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ባለፈው እትማችሁ አንድ ወንድማችን የሜሪላንድን ሕግ ተቃውመው ጽፈዋል። ሱቆች ውሻና ድመት እንዳይሸጡ መከልከሉ ሠርቶ የሚያድረውን ነጋዴ ጎዳው ይላሉ። ለነጋዴው ማዘናቸውን አልነቅፍም። እኔ ግን ሕጉ ከመውጣቱ በፊት ከእንዲህ ያለ ሱቅ ቡችላ ገዝቼ ያየሁት ነገር አለ።

ልጄ ስምንት ዓመት ሲሞላት ነበር። መስታወቱ ውስጥ አንዲት ነጭ ቡችላ አየች፤ አለቀሰች፤ ገዛሁላት። ዋጋው ከአቅሜ በላይ ስለነበር በየወሩ ልከፍል ፈረምኩ። በአራተኛው ቀን ቡችላዋ ምግብ እምቢ አለች። ከዚያ ማስመለስ፣ ከዚያ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ። ሐኪሟ ፓርቮ የሚባለው፣ ቡችሎችን የሚገድል የአንጀት በሽታ ነው አለችን። በዘጠነኛው ቀን ሞተች። ልጄ ቡችላዋ የተኛችበትን ብርድ ልብስ አላስነካም ብላ ስንት ሌሊት አቅፋው አደረች። እኔም የሞተች ውሻ ዕዳ ከአንድ ዓመት በላይ ከፈልኩ።

በኋላ ወረቀቷን አገላብጬ አየሁት። የመጣችው ከሚዙሪ ነው። እናቷን ያየ ሰው ሱቁ ውስጥ አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም። አገር ቤት ብሆን እጠይቅ ነበር። የጎረቤት ውሻ ስትወልድ ሄደን አይደል የምናየው? እናትየዋን እናውቃታለን፤ ጠባይዋን፣ ጤንነቷን እናውቃለን። ጡት እስኪጥል ቆዩ እንባላለን፤ እንቆያለን።

የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ ለሱቅ ቡችላ በሚራባበት ቦታ ላለችው እናት የሚሰጣትን ቦታ ታውቃላችሁ? የሽቦ ሣጥኗ ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ሥር ካለው ርዝመቷ 6 ኢንች ቢበልጥ ይበቃል። ከራሷም በላይ እንዲሁ 6 ኢንች። እዚያው ትወልዳለች፤ እዚያው ታረጃለች። ይሄ ሁሉ ሕጋዊ ነው! ደላላው ቡችሎቹን ሰብስቦ በመኪና ይጭናል፤ እኛ የምናየው የታጠበውንና የተበጠረውን ብቻ ነው።

የሜሪላንድ ሕግ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ጀምሮ የቆረጠው ይህን ሰንሰለት ነው። ባለሱቆች ፍርድ ቤት ድረስ ሄደዋል፤ ሕጉ ግን ጸንቷል። ካሊፎርኒያ በ2019 ቀድማ ነበር፤ ኒው ዮርክም በ2024 መጨረሻ ተከትላለች። ወንድማችን ያላነሱት ነገር አለ። ሱቁ ምግቡን፣ ማሰሪያውን፣ ሳሙናውን መሸጥ ይችላል። ከመጠለያ የመጡ እንስሳትን ተቀብሎ አሳዳጊ ሊያገኝላቸውም ይችላል። ውሾቹን በቤቱ የሚያራባ ሰውም ለገዢው ራሱ መሸጥ አልተከለከለም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሱቁ ሲዘጋ ስልካችን ተከፈተ። ዛሬ ሰዉ ፎቶ አይቶ ገንዘብ ይልካል፤ ቡችላውን ነዳጅ ማደያ በር ላይ ይረከባል። እንግሊዝ በዚህ በልጣናለች። እዚያ ከኤፕሪል 2020 ወዲህ ቡችላ የሚሸጥ አርቢ ገዢውን ቡችላው ወደተወለደበት ቦታ ወስዶ ከእናቱ ጋር ማሳየት አለበት። እኛም በሜሪላንድ ዋና ከተማ በአናፖሊስ ላሉት ተወካዮቻችን ደውለን ይህንኑ እንጠይቅ።

ለእናንተም አንድ ልመና አለኝ። በማስታወቂያ ገጻችሁ ላይ «የሚሸጡ ቡችሎች» የሚል አልፎ አልፎ አያለሁ። እባካችሁ ከማውጣታችሁ በፊት ሻጩን እናትየዋ የት ናት ብላችሁ ጠይቁት። ካላሳየ ገንዘቡን መልሱለት።

ከአክብሮት ጋር፤
አንባቢያችሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ