የተመታች ርግብ ማሳ ዳር አትጣል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ኅዳርና ታኅሣሥ የማሽላ ወር ነው። ከፈዲስ እስከ ሐረማያ፣ በቆላው በኩል ደግሞ ቢዮ አዋሌ ድረስ፣ ርግብ በመንጋ ማሳ ላይ ትወርዳለች። አብዛኛው ገበሬ ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍና በጩኸት ያባርራታል፤ መሣሪያ ያለው ይተኩሳል። እኔን የሚያንገበግበኝ ከተኩሱ በኋላ የሚሆነው ነው። የወደቀችው ርግብ ወይ እዚያው ማሳ ዳር ትቀራለች፣ ወይ ከሌሎቹ ጋር በማዳበሪያ ከረጢት ታጭቃ ቀትር ላይ ቤት ስትደርስ ሆዷ አረንጓዴ ሆኖ ትጣላለች። የገደለ ሰው የገደለውን ለገበታ ማብቃት አለበት። ይህም የሚሳነው ባለማወቅ ነው እንጂ ሥራው ከባድ ሆኖ አይደለም።

ርግብ የማይበላ ብዙ ሰው አለ። ኦሪት ርግብንና ዋኖስን ለመሥዋዕት ከሚቀርቡት ቢቆጥራቸውም፣ የኖኅን መርከብና የዮርዳኖስን ጥምቀት እያሰበ እጁን የሚሰበስብ አለ። ይህ የሚከበር ነው። እንዲህ ያለው ሰው ግን መተኮሱንም ይተው፤ ማሽላው እንደደረሰ ሳይዘገይ መሰብሰብና ጠዋትና ማታ መጠበቅ ይበጀዋል። ለሚተኩሰውም ቢሆን ሕጉ አንድ ነው፦ የዱር እንስሳ ማደን በሕግ ፈቃድ ይጠይቃል፣ መሣሪያ መያዝም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 እንዲሁ። በባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ክልል፣ በከተማ ውስጥ፣ በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ የሰፈረች ርግብ ፈጽሞ አትነካም። እግሯ ላይ ቀለበት ያላትም ባለቤት ያላት ናት።

ለምግብ የምትሆነው ክንፏ ላይ ነጭ ጠቃጠቆ፣ ዓይኗ ዙሪያ ቀይ ቆዳ ያላት ትልቋ ርግብ ናት፤ 300 ግራም ገደማ ትመዝናለች። ትንሿ ዋኖስ ወደ 100 ግራም ብቻ ስለሆነች ለሥጋ ብሎ እሷን መግደል ከንቱ ነው። በጎጆ ጊዜም መተኮስ ይቅር። ርግብ የምትጥለው ሁለት እንቁላል ነው፤ ጫጩቶቹን ወንዱም ሴቷም ከጉሮሯቸው በሚያወጡት ወተት መሰል ምግብ ነው የሚያሳድጓቸው። ወላጆቹ ከሞቱ ጫጩቶቹም አይተርፉም።

ዋናው ጉዳይ የመጀመሪያው ሰዓት ነው። የወፍ ገላ ሙቀት ከ41 ዲግሪ በላይ ነው፤ ላባው ደግሞ ያን ሙቀት አፍኖ ይይዘዋል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ላይ ስለሆነች በኅዳር ወርም ቀትሩ ይሞቃል። ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ናትና ትንሽ ፋታ ትሰጣለች። ርግቦች እርስ በርስ ተደራርበው ሲታጨቁ አይበርዱም፣ የሆድ ዕቃው ይቦካል፣ ሥጋውም ከጎድን ጀምሮ ይሸታል። ስለዚህ እያንዳንዷን በአንገቷ አስሮ፣ ሳይነካኩ ጥላ ሥር ነፋስ በሚያገኝበት ማንጠልጠል ያስፈልጋል። ፌስታል ከማዳበሪያ ከረጢትም የባሰ ነው። ቆላ ላይ በግማሽ ሰዓት፣ ደጋ ላይ ቢበዛ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሆዷ መከፈት አለበት። ማታ በሃይላንድ ውኃ በረዶ እስኪሆን አቀዝቅዞ ጠዋት ይዞ መሄድ፣ ሆድ ዕቃው ከወጣ በኋላም ርግቦቹን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ ከበረዶው ጋር ማስቀመጥ ብዙ ሥጋ ያድናል። ለዝንብ ስስ ጨርቅ ይበቃል።

ወድቃ ሕይወቷ ያልወጣ ርግብ ወዲያው መታረድ አለባት። ይህ ማሠቃየትን ለማስቀረትም ነው፣ ለእምነትም ነው። ሙስሊሙ ሲተኩስ የአላህን ስም ይጠራል፤ በነፍሷ ከደረሰባትም ያርዳታል። በወንጭፍ ድንጋይ ተመትታ ሳትታረድ የሞተች ወፍ ግን ቁርኣን ከከለከላቸው ተደብድበው ከሞቱት ጋር ትቆጠራለች። ስለ አየር ጠመንጃ የሚጠራጠር የሚያምነውን ዓሊም ይጠይቅ። ክርስቲያኑም ደሟ ያልፈሰሰ ወፍ አይበላም። ለጎረቤት የሚሰጥ ሰው ማን እንደተኮሳትና ማን እንዳረዳት አብሮ ይንገር፤ በእኛ ከተሞች ያለዚህ ስጦታው ስጦታ አይሆንም።

ሆዷ ከመከፈቱ በፊት አፏን ፈልቅቆ ጉሮሮዋን ማየት ይገባል። እንደ አይብ ያለ ቢጫ ነገር ከተጋገረበት በሽታ ነው፣ ትጣል። ቀጥሎ ከአንገቷ ሥር ያለው የእህል ከረጢት ይከፈታል። ይህ ከረጢት የት እንደዋለች ይናገራል፦ ማሽላ ብቻ ከሆነ መልካም፤ ሮዝ ወይም ቀይ ቀለም የተቀባ ዘር ከተገኘ ግን በመድኃኒት የታሸ ዘር ነውና ርግቧ እንዳለች ትቀበር። ቆሻሻ መጣያ ላይ የዋለችም በዚሁ ትታወቃለች። በ2012 እንደሆነው ለአንበጣ፣ ወይም ለግሪሳ ወፍ መድኃኒት በተረጨበት አካባቢ የተገኘች፣ መብረር አቅቷት የምትንገዳገድ ርግብ በምንም መንገድ አትበላም። ማታ የተመታች ርግብ ከረጢቷ ሙሉ ስለሆነ ከጠዋቷ ቀድማ ትበላሻለች፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው። ጉበቷ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ከታየም መጣል ነው። ርግብ ግን ሐሞት ከረጢት የላትም፤ እንደ ዶሮ ሐሞት ፈስሶ ይመርራል የሚለው ስጋት እዚህ የለም።

አሁን ማንም የማያነሣውን ላንሣ። የዶሮ አስተጣጠብ ልማዳችን ሎሚና ጨው ነው። የርግብ ሥጋ ውስጥ ከጥይቱ የቀረ እርሳስ ካለ ግን ሎሚው እርሳሱን እያሟሟ ወደ ሥጋው ያስገባዋል፤ ኮምጣጤና ቲማቲምም እንዲሁ። የአየር ጠመንጃ ጥይትም ሆነ የባለ ፍንጣሪ ጠመንጃ እንክብል በአብዛኛው እርሳስ ነው። እርሳስ ሲበስል አይጠፋም፤ ነርቭን፣ ከሁሉ በላይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ስለዚህ ርግቧ ከተነጨች በኋላ ቆዳውን ወደ ብርሃን አድርጎ ቀዳዳ መፈለግ፣ በቀጭን ቢላዋ መክፈት፣ ጥይቱን ማውጣት፣ ዙሪያውን የጠቆረውን ሥጋ አንድ ጣት ያህል ቆርጦ መጣል ያስፈልጋል። ላባ የተጎተተበት ቀዳዳ ውስጥ ላባውን ተከትሎ መሄድ ጥይቱ ዘንድ ያደርሳል። ሎሚው ከዚህ በኋላ ይምጣ፤ እሱም ለአጭር ጊዜ፣ ውኃውም ይደፋ። እንዲህም ሆኖ ለነፍሰ ጡርና ለትንንሽ ልጆች ባይሰጥ ይሻላል፤ ዓይን የማያየው ፍርፋሪ ይቀራልና።

ላባው ገና ሞቃት ሳለች በእጅ በቀላሉ ይነቀላል። በፈላ ውኃ መንከር የዶሮ ልማድ ነው፤ የርግብ ቆዳ ስስ ስለሆነ ይቀደዳል። ገላዋ ከበረደ በ60 ዲግሪ ገደማ ውኃ፣ ማለት ጣት ለአፍታ እንኳ በማይችለው ግን ባልፈላ፣ ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነክሮ ማውጣት ይበቃል። ላባው ሲቦን አፍንጫን በጨርቅ መሸፈን ነው፤ ከርግብ አቧራ የሚመጣ የሳንባ በሽታ አለ።

ለስድስት ትልልቅ ርግብ 1 ኪሎ ሽንኩርት፣ አራት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ ሦስት ማንኪያ ቅቤ እላለሁ። ሥጋው ስብ ስለሌለው ቅቤ መሰሰት ያደርቀዋል። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት 40 ደቂቃ ይቁላላ። እንደ ዶሮ 12 ብልት ማውጣት አይሞከርም፤ ደረቱን ለብቻ፣ እግርና ጀርባውን ለብቻ መለየት ይበቃል። የምንቃሯና የደረት አጥንቷ ጫፍ ሲጫኑት የሚለምጥ ጫጩት ቢጤ ናት፤ እግርና ጀርባዋ 45 ደቂቃ፣ ደረቷ ድስቱ ከመውረዱ 25 ደቂቃ ቀደም ብሎ ገብቶ ይበቃዋል። ያረጀችው ግን አንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት በዝግታ እሳት ትፈልጋለች፤ ሰው “የርግብ ሥጋ ጎማ ነው” የሚለው ሁለቱን በአንድ ድስት ከትቶ እኩል ስለሚያወጣቸው ነው። ሥጋው በተፈጥሮው ጠቆር ያለ ቀይ ስለሆነ በቀለሙ መብሰሉን መፍረድ አይቻልም፤ አጥንቱ ሥር የሚወጣው ውኃ ጥርት እስኪል ይቆይ። ጀርባና ክንፉ ሁለት ሰዓት ሲፈላ ለሩዝ ጥሩ መረቅ ይወጣዋል።

ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ጾም ነው፤ ርግብ በማሳ ላይ የምትበዛውም ያኔ ነው። የሚጾም ሰው ቋንጣ ያድርገው። ከ12 እስከ 15 ርግብ 1 ኪሎ ገደማ የደረት ሥጋ ይገኛል። ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ሳይወፍር ተዘልዝሎ፣ በ30 ግራም ጨውና በበርበሬ ታሽቶ፣ ሳይነካካ ይሰቀላል። ድሬዳዋ በሁለት ሦስት ቀን ይደርቃል፤ ሐረር ላይ የምድጃ ጭስ ቢያገኝ ይሻላል። ሲታጠፍ የሚለምጥ ከሆነ ገና ነው፤ ቀጭ ብሎ መሰበር አለበት። ጥሬውን አይቆረጠምም፣ በወጥ ውስጥ በደንብ ይፈላል።

ላባውና ሆድ ዕቃው ለግቢ ዶሮ አይሰጥ። ፈንግል ከዱር ርግብ ወደ ቤት ዶሮ ይተላለፋል፤ አንድ እፍኝ ሆድ ዕቃ የአንድን ቤት ዶሮ ሁሉ ሊጨርስ ይችላል። ግማሽ ሜትር ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ላዩ ላይ ድንጋይ መጫን ነው፤ ያለዚያ ማታ ውሻና ጅብ ያወጡታል፣ ውስጡ የቀረውን እርሳስም አብረው ይውጡታል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የድሬዳዋ አንባቢያችሁ