ትከሻዬን አሞኝ ለምን ጀርባዬን ታሠሩኛላችሁ?

ውድ ደንበኞቻችን፣

ርዕሱ የእናንተ ጥያቄ ነው። ከኮምቦልቻ ዳገቱን በሚኒባስ ወጥቶ የመጣ ሰው የሚያመው ቦታ ቶሎ እንዲታሽለት ይፈልጋል። እኛ ደግሞ «እስቲ ግድግዳውን ይግፉ» እንላለን። ቅር ቢለው አይፈረድበትም። ስለዚህ ምክንያታችንን በጽሑፍ እንንገራችሁ።

ክንድ ወደ ጎን ሲነሳ፣ ከ60 እስከ 120 ዲግሪ ባለው መሃል ላይ ጠቅ የሚያደርግ ሕመም አለ። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከትከሻ ጫፍ አጥንት ሥር ከሚያልፉት ጅማቶች ነው። ልስን የሚለስኑ፣ ቀለም የሚቀቡ፣ ከመደርደሪያ ዕቃ ሲያወርዱ የሚውሉ ያውቁታል። ነጠላ ማጣፋት እንኳ ጭንቅ ይሆናል።

ክንድ ግን ብቻውን አይነሳም። ጀርባ ላይ ያለው ጠፍጣፋ የትከሻ አጥንት አብሮ መዞር አለበት። ከሚያዞሩት ጡንቻዎች ዋናው ከብብት ሥር ጎድን ላይ የተኛው ሴራተስ አንቴሪየር ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ እጃቸውን ከራስ በላይ አንስተው የሚሠሩ የግንባታ ሠራተኞች ጡንቻ ምን ያህል እንደሚሠራ ቆዳ ላይ በሚለጠፍ የኤሌክትሪክ መለኪያ (ኤሌክትሮድ) ተለካ። ትከሻቸውን የሚያማቸው ሰዎች ላይ ይህ ጡንቻ ከጤነኞቹ ያነሰ ይሠራ ነበር። ከአንገት ወደ ትከሻ የሚወርደው ደግሞ አብዝቶ ይሠራል። አንዱ ሲለግም ሌላው ይለፋል። ግድግዳ የምናስገፋችሁ ለጋሚውን ለመቀስቀስ ነው።

«እጄ ጉልበት የለውም» የምትሉትም እውነት ነው። ስንለካው ክንድን ወደ ጎን ማንሳትና ወደ ውጭ ማዞር ይደክማል። ነገር ግን ድካሙ ሁሉ ጡንቻ ስለሟሸሸ አይደለም። ሕመም ራሱ ጡንቻን ያፍናል። ቦታው ላይ ማደንዘዣ ሲወጋ የአንዳንዱ ሰው ጉልበት ወዲያው ይጨምራል። ስለዚህ ጂም ገብቶ ከባድ ብረት ከራስ በላይ ማንሳት አያዋጣም፤ ዝም ብሎ ማሳረፍም አይበቃም። በእጅ በሚሳብ ቀላል የስፖርት ላስቲክ ጀምሮ ቀስ በቀስ ማክበድ ነው። 12 ሳምንት ያህል አስቡ። ማሸቱንም እናሻለን፣ ደስ ይላል፤ ጡንቻ ግን አያጠነክርም።

ስትሠሩ ትንሽ ቢያም ችግር የለውም። በማግስቱ ከባሰ ላስቲኩን አላሉት። ወድቃችሁ እጃችሁ ድንገት አልነሳ ካለ ግን የእኛን ቀጠሮ አትጠብቁ፣ በቀጥታ ሆስፒታል ሂዱ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ የሁለቱንም እጅ ጉልበት እንለካለን። ትከሻ የሚያሳይ ልብስ ከውስጥ ልበሱ። ከላይ ሹራብ ደርቡ፣ የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የፊዚዮቴራፒ ክፍሉ ባልደረቦች፣ ደሴ