ቦቴዎቹ አሁንም ተራራውን ይወጣሉ

ይድረስ ለአባባ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? እኔ ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ቅዳሜ የዋልኩበትን ብነግርዎ ይስቁብኛል። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ተራራ ሄድን። ዘመድ ልንጠይቅ አይደለም፣ ጠበል አይደለም፣ ከብት አልጠፋብንም። ዝም ብለን ተጉዘን ተመለስን። እዚህ ሰው ለዚህ ብሎ ጫማ ይገዛል።

ቦታው ላቭላንድ ፓስ ይባላል፤ ከዴንቨር በስተ ምዕራብ ነው። ‹ፓስ› የሚሉት እኛ እንደ ጣርማበር ‹በር› የምንለውን ነው። ከፍታው 3,655 ሜትር ቢሆንም መኪናው አናቱ ድረስ ያወጣዎታል። የቀረው በጠርዙ ላይ ቀስ እያሉ ማዝገም ነው። ዛፍ የለም፤ ሣርና ከጣት ጥፍር የማይበልጡ አበቦች ብቻ። በበጋ ከሰዓት በኋላ መብረቅ ስለሚበዛ በጠዋት ነው የወጣነው።

መጀመሪያ ጉራዬን ነፋሁ። ዴንቨሮች 1,600 ሜትር ላይ ተቀምጠው ‹ደገኛ ነን› ይላሉ፤ ደብረ ብርሃን ከ2,800 በላይ ናት አልኳቸው። አሥር ደቂቃ ሳልሄድ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ አለ። እነሱ ሳቁ፣ እኔ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

እዚያ ተቀምጬ ነው ቦቴዎቹን ያየሁት።

ከተራራው ሥር በ1973 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ዋሻ አለ፤ 2.7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሌላው መኪና በዚያ ሽው ብሎ ያልፋል። ነዳጅ የጫነ ግን አደጋ እንዳያመጣ ይከለከላል። ላይ ያለው የተራራው በር በበረዶ ካልተዘጋ በቀር ያንን ጠመዝማዛ መውጣት ግዴታው ነው። አንዱ ቦቴ እያቃሰተ መጣ። እጄን አነሳሁለት፣ ጥሩምባውን ነፋልኝ። ቁልቁለቱን ሲጀምር ሞተሩ ሲያጓራ፣ እርስዎ ‹በወጣህበት ማርሽ ውረድ› የሚሉት ነገር ትዝ አለኝ።

አባባ፣ ልጅ ሆኜ ከደሴ ሲመለሱ ቀኑን ሙሉ ሲተኙ ይከፋኝ ነበር። የደብረ ሲናውን ቆሎ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡና ዞር ብለው ያንኮራፋሉ። እኛ የሰለቸንዎት ይመስለኝ ነበር። ያንን ሰውዬ በጠራ ሰማይ፣ በደረቅ አስፋልት ሲታጠፍ እያየሁ የኔ እጅ ላበው። እርስዎ በጣርማበር ጉም ውስጥ፣ ረዳትዎ ወርዶ ከፊት እየሄደ መንገዱን እያሳየዎት ነበር የሚነዱት።

ደግሞ አናቱ ላይ ምልክት ተተክሏል። ከዚህ ወዲህ የዘነበው ወደ አትላንቲክ፣ ወዲያ የዘነበው ወደ ፓስፊክ ይሄዳል ይላል። ፈረንጆቹ ተሰልፈው ፎቶ ይነሡበታል። የኛውም እኮ እንደዚያው ነው፤ ወደ ደብረ ብርሃን ያዘነበለው ዓባይ ይገባል፣ ወደ ደብረ ሲና የወረደው አዋሽ። አዋሽማ ባሕር ሳያይ አፋር ላይ ይቀራል። ይህን ስነግራቸው እኔንም ፎቶ አነሡኝ።

ፎቶውን ለእህቴ ልኬዋለሁ፤ ታሳይዎታለች። ከጀርባዬ ያለው ያ ቦቴ ነው። ስንት ሺህ ሊትር እንደሚይዝ ይገምቱና እሑድ ስደውል ይንገሩኝ።

ልጅዎ